ሌሊቱን በረዶ ሲጥል ባደረ ማግስት፦ ስለ ተራራ መንገድ ጉዞ የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። እባካችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋሁትን ነገር ማየት ይኖርባችኋል። የጎማ ሰንሰለት ነው። አሁን አትንኩት፤ መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ትነኩታላችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ሌሊትና አንድ ጠዋት ነው። ማታ መንገዱ ደረቅ ነበር። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጡ መኪናችሁ ነጭ ጉብታ ሆናለች። መንገዳችሁ ደግሞ ሜዳ አይደለም፤ ተራራ ይወጣል፣ ተራራ ይወርዳል፣ በገደል አፋፍ ይዞራል። እንሂድ ወይስ እንቅር? ከሄድንስ እንዴት?

በአራት ከፍዬ እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ሌሊቱን መንገዱ ላይ ምን ሆነ? ሁለተኛ፣ ሞተር ሳይነሳ ምን እናድርግ? ሦስተኛ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ። አራተኛ፣ መንገድ ላይ ተይዘን ብንቀር። ለአራቱም እኩል ጊዜ አልሰጥም፤ አንዱን ሮጥ ብዬ ባልፈው አትቀየሙኝ።

በመጀመሪያው ልጀምር። በረዶ የሚለው ቃላችን ሥራ በዝቶበታል። እንደ ጠጠር ጣሪያ የሚደበድበውም በረዶ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የረጋው ውሃም በረዶ ነው፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደው ነጩም በረዶ ነው። ለወሬ ምንም አይደለም፣ እንግባባለን። ለነጂ ግን አይበቃም። ስለዚህ ለዛሬ ብቻ ስም እናውጣ፤ አዲስ የወደቀውን ልል ነጭ «አመዳይ» እንበለው፣ ቃሉ ድሮም የኛው ነው። መኪና ሲመላለስበት የጠበቀውን «የተረገጠ አመዳይ» እንበል። ውሃ ሆኖ እንደገና የረጋውን ደግሞ «መስታወት» እንበለው።

እስቲ እጅ አውጡ። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሆነ መንገድና ልክ ዜሮ ላይ ያለ መንገድ፣ የቱ ይበልጥ ያንሸራትታል? ብዙዎቻችሁ 15 አላችሁ። አይደለም፣ ዜሮው ነው! በጣም የቀዘቀዘ በረዶ ደረቅና ሻካራ ነው፤ ጎማ ይይዘዋል። ዜሮ አካባቢ ግን የበረዶው ገጽ በስስ ውሃ ይሸፈናል፤ የጎማው ሰበቃ ያን ውሃ ይጨምርበታል። በረዶ ላይ ውሃ፣ ውሃ ላይ ጎማ። ይህን ነው የምትነዱበት። ስለዚህ «ዛሬ እኮ ያን ያህል አይበርድም» የሚለው ማጽናኛ ለእግረኛ እንጂ ለነጂ አይሠራም።

ቁጥር ልስጣችሁ። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ሸለቆው ውስጥ 4 ዲግሪ ሆኖ ዝናብ እየዘነበ ከሆነ 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው የተራራ በር ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ተኩል ሊሆን ይችላል። እናንተ ቤት ደጃፍ ዝናብ የነበረው እዚያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ አመዳይ ሲሆን አድሯል ማለት ነው። የውሃው መጠንም ያታልላል፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብዙ አይደለም፣ ልብስ ያረጥባል ቢባል ነው። ያው ውሃ በአመዳይ መልክ ቢወርድ ግን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከመራል፤ ቅዝቃዜው ከጠነከረና አመዳዩ ልል ከሆነ ከዚያም በላይ።

መኪናችሁ ዳሽቦርድ ላይ የሚታየው የሙቀት ቁጥር የአየሩ እንጂ የመንገዱ አይደለም። ሌሊቱ ጠርቶ ካደረ አስፋልቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቅና ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። ዳሽቦርዱ 3 ዲግሪ እያለ መንገዱ መስታወት ሊሆን ይችላል። ድልድይ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ይረጋል፤ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚመታው፣ ከሥሩ ሙቀት የሚያቀብለው መሬት ስለሌለው። ፀሐይ የማታገኘው የተራራ ጥግ፣ ገደሉ ጥላ የሚጥልበት ኩርባ፣ ከቋጥኝ ላይ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታ፣ እነዚህ እኩለ ቀን ላይም መስታወታቸውን ይዘው ይቆያሉ።

ታዲያ መስታወቱን በምን ታውቁታላችሁ? በዓይን አይደለም። ጥርት ያለ ስለሆነ የሚታየው ከሥሩ ያለው አስፋልት ነው፤ እርጥብ መንገድ ይመስላል። ምልክቱ ሌላ ነው። መንገዱ እርጥብ መስሎ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጎማ ውሃ ካልረጨ፣ ያ ውሃ አይደለም። የጎማው ድምፅ በድንገት ጸጥ ካለ፣ መሪው በእጃችሁ ላይ ቀለል ካለ፣ ገብታችሁበታል። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ? ምንም። ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አትጠምዝዙ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ቀስ አድርጋችሁ አንሱና እለፉት።

ስለ ጨውም አንድ ነገር። «ጨው ተበትኗል፣ ችግር የለም» ይባላል። ጨው የሚሠራው ሙቀት ስላለው አይደለም፤ ውሃው የሚረጋበትን ዲግሪ ዝቅ ስለሚያደርግ ነው። ተራ ጨው መንገድ ላይ በደንብ የሚያገለግለው ከዜሮ በታች እስከ 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይንቀራፈፋል፤ ሌላ ዓይነት ጨው ይቀላቀላል ወይም አሸዋ ይበተናል። አሸዋ ምንም አያቀልጥም፣ ጎማው የሚይዘው ሻካራ ነገር ይሰጣል እንጂ። ከባዱ ነገር ግን ይህ ነው፦ ቀን በጨው የቀለጠው ውሃ በአዲስ አመዳይ ሲቀጥን ጨውነቱን ያጣና ሌሊት መልሶ ይረጋል። ትናንት የተጠረገ መንገድ ዛሬ ጠዋት ካልተጠረገው ሊብስ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ልሻገር፤ ሞተር ሳይነሳ።

ከሁሉ በፊት መንገዱ ክፍት ነው? ተራራማ አገሮች የመንገድ መረጃ በስልክም በሬዲዮም ይሰጣሉ። «ሰንሰለት ግዴታ ነው» ወይም «ተዘግቷል» ሲባል አስተያየት አይደለም። የስልካችሁ ካርታ ዋናው መንገድ ሲዘጋ በቀጭኑ የገጠር መንገድ ሊመራችሁ ይሞክራል። አትስሙት! ካርታው አጭሩን መንገድ እንጂ የተጠረገውን አያውቅም።

መሄድ እንደሚቻል ካረጋገጣችሁ ወደ መኪናው ሂዱ። መጀመሪያ የምትጠርጉት የቱን ነው? የፊት መስታወቱን? አይደለም። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ነው። ሞተሩን አስነስታችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ እየሞቃችሁ ቱቦው በአመዳይ ተደፍኖ ከሆነ ጭሱ ወደ እናንተ ይመለሳል። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም የዛሬው ንግግር ልቡ እዚያ ላይ ነው። ለአሁኑ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ቱቦ፣ ከዚያ ሞተር።

ቀጥሎ ጣሪያው። ሰው ለመስኮቱ ቀዳዳ የምታክል ቦታ ይፍቅና ጉዞ ይጀምራል። የመኪና ጣሪያ 2 ካሬ ሜትር ያህል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር አመዳይ ከተከመረበት፣ ልል ቢሆን እንኳ ወደ 40 ኪሎ ነው፤ እርጥብ ከሆነ እጥፍ። የመጀመሪያውን ፍሬን ስትይዙ ያ ክምር ተንሸራትቶ የፊት መስታወታችሁ ላይ ይወርዳል። ዝናብ መጥረጊያው አያነሳውም። ቁልቁለት ላይ ናችሁ፣ ምንም አይታያችሁም። ወይም ደግሞ ወደ ኋላ በሮ ከኋላ ያለውን ሰው ይጋርደዋል። ስለዚህ ጣሪያው፣ ኮፈኑ፣ መብራቶቹ፣ ሁሉም ይጠረግ። አዲሶቹ መኪኖች ላይ ያሉት የኤልኢዲ መብራቶች እንደ ድሮው አምፖል ስለማይሞቁ የተለጠፈባቸውን አመዳይ አያቀልጡም፤ በመንገድ ላይም እየቆማችሁ መጥረግ ይኖርባችኋል።

በረዶ የረጋበት የመኪና መስታወት ላይ የፈላ ውሃ አትድፉ፤ ይሰነጠቃል። ዝናብ መጥረጊያው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ቁልፉን ከመክፈታችሁ በፊት ማጥፊያው ላይ መሆኑን እዩ፤ ተጣብቆ እያለ ሞተሩ ሊያነሳው ቢታገል ፊውዝ ይቃጠላል ወይም ጎሚኒው ይቀደዳል። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የማይረጋው ዓይነት ይሁን። ተራ ውሃ ከሆነ በየመንገዱ የሚረጨውን ጨውና ጭቃ የምታጥቡበት አይኖራችሁም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ደግሞ በጨው የነጣ መስታወት ግድግዳ ነው።

ባትሪ አርጅቶ ከሆነ በዚህ ጠዋት ያስታውቃል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ በዚያው ሰዓት ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሩ ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቀዋል።

ጎማ! እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የበጋ ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ይሄዳል። ቅርጹ ምንም ቢያምር አይጨብጥም። የክረምት ጎማ ላስቲኩ በብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጥርሶቹ ላይ ደግሞ እንደ ምላጭ የቀጠኑ ስንጥቆች አሉት፤ አመዳዩን የሚነክሱት እነሱ ናቸው። ጎማው ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበትን ምልክት ፈልጉ። እሱ ተፈትኖ ያለፈ ነው። «ኤም እና ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ለማለት) የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን ከሆኑ ግን አምራቹ ራሱ የሰጠው ስም ነው፣ ፈተና አላለፈም። የጥርሱ ጥልቀት በብዙ አገሮች ሕጉ የሚጠይቀው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለተራራ በረዶ ግን ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ ጡረታ የወጣ ቁጠሩት። አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ይሁን። ፊት የክረምት፣ ኋላ የበጋ ያደረገ ሰው ፊቱ ይይዝለታል፣ ኋላው ይቀድመዋል። ነፋሱንም ለኩት፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ጎማው በግፊት መለኪያው አንድ አሥረኛ ባር ገደማ ያጣል።

ነዳጅ ቢያንስ ግማሽ ታንክ። አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ውሃ፣ ሳይበስል የሚበላ ነገር፣ ውሃ የማያስገባ ጓንት። አካፋውን እባካችሁ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አትቅበሩት፤ የኋላው በር በአመዳይ ሲደፈን አካፋውን ለማውጣት አካፋ ያስፈልጋችኋል።

አንድ ነገር ለወላጆች። ልጁን ወፍራም ጃኬቱን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ አታስሩት። ጃኬቱ ውስጡ አየር ነው፤ ግጭት ቢመጣ አየሩ ይጨመቃል፣ ቀበቶው ይላላል፣ ልጁ ያመልጣል። ጃኬቱን አውልቁለት፣ ቀበቶውን አጥብቁ፣ ከዚያ ጃኬቱን ከላይ አልብሱት።

ሦስተኛው፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ።

በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ14 ሜትር ገደማ ይቆማል። የተረገጠ አመዳይ ላይ? 50 ሜትር። መስታወት ላይ? 100 ሜትር። ይህ እግራችሁ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ነው፤ አይታችሁ እስክትረግጡ የሚሄደው ሌላ 14 ሜትር አልተቆጠረም። አሁን ፍጥነቱን ወደ 30 እናውርደው። ሜዳ ላይ፣ መስታወት ላይ፣ 35 ሜትር። ይሁን። ያንኑ መኪና፣ በዚያው 30፣ 6 በመቶ ቁልቁለት ላይ አድርጉት፤ 100 ሜትር ሲሄድ 6 ሜትር የሚወርድ ማለት ነው፣ ለተራራ መንገድ ተራ ነገር። 88 ሜትር! 10 በመቶ ቁልቁለት ላይስ? አይቆምም። ፍሬኑ የሚይዘውና ቁልቁለቱ የሚጎትተው እኩል ስለሚሆኑ አራቱም ጎማ ታስሮ መኪናው ይወርዳል። በድጋሚ ልበለው፦ ፍሬኑ እየሠራ፣ ጎማው ታስሮ፣ መኪናው ይወርዳል።

እዚህ ላይ «የኔ መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚጎትት» የሚል ወንድም አይጠፋም። ወንድሜ፣ ማንኛውም መኪና ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ነው! አራት ጎማ ሳቢው መነሳት ላይና ዳገት ላይ ይጠቅምሃል። መቆም ላይ ግን ከጎረቤትህ ትንሽ መኪና አትበልጥም፤ ከከበድክማ እንዲያውም ብዙ የምታቆመው ነገር አለህ። እንዲህ ዓይነት መኪና ክፉ ጎኑ መንገዱ ማንሸራተቱን ይደብቃል፤ ሲነሳ ስለማይንሸራተት ነጂው መንገዱ ደህና ይመስለዋል፣ እውነቱን የሚያውቀው ፍሬን ሲይዝ ነው።

ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ፣ ፍጥነታችሁን ቀንሱና ማርሽ አውርዱ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። መሃል ላይ ደርሳችሁ በድንገት ማርሽ ብታወርዱ ግን የሚጎትቱት ጎማዎች ይንቀጠቀጡና ይታሰራሉ። የጭነት መኪና ነጂዎች፣ የሞተር ፍሬኑን መስታወት ላይ አታብሩት፤ የሚይዘው የሳቢውን የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ተጎታቹ ከኋላ ይገፋና መኪናው እንደ ሰንጢ ይታጠፋል። ፍጥነት በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ደግሞ ማንም አይጠቀም።

ፍሬን ስትይዙ እግራችሁ ሥር ቢንቀጠቀጥና ቢንገጫገጭ ኤቢኤሱ ነው፤ ጎማው እንዳይታሰር የሚያደርገው መሣሪያ። ተበላሸ ብላችሁ አታንሱ፤ አጥብቃችሁ ያዙት፣ መሪውን ወደምትፈልጉት አዙሩ። ኤቢኤስ የሚሰጣችሁ ቶሎ መቆምን ሳይሆን እየቆማችሁ መዞርን ነው። ልል አመዳይ ላይማ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ይችላል።

ኩርባ ላይ መሪው አልታዘዝ ብሎ መኪናው ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ቢሄድ፣ ሰው በደመ ነፍስ መሪውን ይበልጥ ይጠመዝዛል። ያ ስህተት ነው። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ትንሽ መልሱ፣ ጎማው እስኪጨብጥ ጠብቁ። ኋላው ቢያመልጥ ደግሞ ዓይናችሁ ገደሉ ላይ አይሁን፤ መሄድ ወደምትፈልጉት መንገድ እዩ፣ እጃችሁ ዓይናችሁን ይከተላል።

ዳገት ቀላል ነው፤ ቶሎ ልጨርሰው። ከፊታችሁ ያለው መኪና አናቱ ላይ እስኪወጣ ታች ጠብቁ። ከኋላው ተጠግታችሁ ገብታችሁ እሱ ሲቆም ከቆማችሁ አትነሱም፤ ከኋላችሁ ያለውም አይነሳም። ከታች መጠነኛ ፍጥነት ይዛችሁ ግቡ፣ ነዳጁን አትቀያይሩ። ጎማው መዞር ከጀመረ ጨምሩበት ሳይሆን ቀንሱለት። በረዶ ጠራጊውን መኪና አትቅደሙ፤ አካፋው ወደ ጎን ይወጣል፣ የሚያነሳው ጭጋግ መንገዱን ይጋርዳል፣ ከፊቱ ያለው መንገድ ደግሞ ያልተጠረገ ነው። ከኋላው ግን ከዚያ የተሻለ መንገድ በዚያን ጠዋት የትም የለም።

ስለ በረዶ ናዳ ሳልናገር ብሄድ ጎደሎ ይሆናል። ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ ተዳፋት ላይ ነው፤ ከዚህ የቀለለው እምብዛም አይንሸራተትም፣ ከዚህ የጠነከረው ደግሞ ብዙ ሳይከማች እየፈረሰ ይወርዳል። አደገኛው ጊዜ አመዳዩ እየጣለ ሳለና በተከታዩ አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ነፋስ ወይም ሙቀት ወይም ዝናብ ከታከለበት ደግሞ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ካስኬድ ተራሮች ውስጥ፣ ዌሊንግተን በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሁለት ባቡሮች በአመዳይ ተይዘው ስድስት ቀን ያህል ቆሙ። ከዚያ በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ሰው ዝናብ ሲያይ ተገላገልን ሊል ይችላል። ማርች 1 ሌሊት ከላይ ያለው ተዳፋት ተለቀቀና ባቡሮቹን ገደል ውስጥ ከተታቸው፤ 96 ሰው ሞተ። የገደላቸው አመዳዩ ሲጥል የነበረው ጊዜ አልነበረም፤ መሞቅ ሲጀምር ነው። ስለዚህ «የናዳ ቦታ፣ መቆም ክልክል» የሚል ምልክት ስታዩ ፎቶ ለማንሳትም፣ ሰንሰለት ለማሰርም አትቁሙ። መንገዱን ናዳ ዘግቶት ብታገኙም ወርዳችሁ ለማየት አትጠጉ፤ ያው ተዳፋት ሁለተኛ ሊልክ ይችላል። ወደ ኋላ ተመለሱና ለመንገድ ባለሥልጣኑ ደውሉ።

አሁን አራተኛው። ቅድም ቀጠሮ የያዝንበት።

የፓኪስታኗ ሙሪ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የመዝናኛ ከተማ ናት። ሰው በረዶ ለማየት ይወጣባታል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2022 ለ8 አጥቢያ፣ ሌሊቱን ከባድ አመዳይ ጣለ። ዛፎች ወድቀው መንገዱን ዘጉ፣ መኪኖች በሺህ ተደርድረው ቆሙ። ሲነጋ ቢያንስ 22 ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ገደል አልገቡም። አልተጋጩም። ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው የገደላቸው ብርዱ ብቻ ያልሆነ አሉ፤ ሞተሩን አስነስተው፣ ማሞቂያውን ከፍተው፣ መስኮቱን ዘግተው ነበር። አመዳዩ የጭስ ማውጫውን ሲደፍነው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ገባ።

ይህ ጋዝ ሽታ የለውም። ቀለም የለውም። አያስነጥስም፣ አያስልም። የሚያሳየው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ነው። አስቡት እንግዲህ! ሌሊት ነው፣ ደክሟችኋል፣ ከብርዱ በኋላ ሙቀት አግኝታችኋል፣ እንቅልፍ መጣ። ማን ይጠረጥራል? ልጁ ሲተኛ እናት «እሰይ ተኛልኝ» ነው የምትለው።

ስለዚህ መንገድ ላይ ተይዛችሁ ከቀራችሁ እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፣ ከመኪናው አትራቁ። በሚጋርድ አመዳይ ውስጥ ጥቂት እርምጃ ርቆ መመለሻ ያጣ ሰው ብዙ ነው፤ ፈላጊ የሚያገኘውም ከሰው ይልቅ መኪናን ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት፣ እያንዳንዱን ጊዜ፣ ወርዳችሁ ቱቦውን ጥረጉ። አንዴ ጠርጌዋለሁ አይባልም፤ አመዳዩ አልቆመማ። ቱቦው ዙሪያ እስከ መሬት ድረስ ቆፍሩለት፣ ጭሱ ከመኪናው ሥር እንዳይጠራቀም። ሦስተኛ፣ ሞተሩን በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አሠሩ፣ ከዚያ አጥፉ። በዚያን ጊዜ ነፋሱ በማይመታው በኩል ያለውን መስኮት አንድ ጣት ክፈቱ። ብርድ ይገባል፤ ይግባ! ቆሞ የሚሠራ የቤት መኪና በሰዓት ወደ አንድ ሊትር ይጠጣል፤ በሰዓት 10 ደቂቃ ካሠራችሁት ግማሽ ታንክ ከአንድ ሌሊት አልፎ ለቀናት ይበቃል። ቅድም ግማሽ ታንክ ያልኩት ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ የጭስ ጣጣ የለባችሁም፤ የወንበር ማሞቂያው ግን ጋቢናውን በሙሉ ከሚያሞቀው አየር በጣም ያነሰ ባትሪ ስለሚፈልግ እሱን አስቀድሙ።

አራተኛ፣ ደማቅ ጨርቅ አንቴናው ወይም መስኮቱ ላይ እሰሩ። ሁለት ሰው ካላችሁ በተራ ተኙ፤ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ አትተኙ። እጅና እግር አንቀሳቅሱ። አመዳይ አትብሉ፤ እሱን ለማቅለጥ ሰውነታችሁ ሙቀቱን ይከፍላል። መጠጥ ያሞቃል የሚባለውም ተረት ነው፤ ደሙን ወደ ቆዳ አውጥቶ የሞቃችሁ ያስመስላል፣ የውስጡን ሙቀት ግን ያስወጣል። አንዱ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መንቀጥቀጡ በድንገት ቢያቆም፣ ንግግሩ ቢተሳሰር፣ ተሻለው አትበሉ፤ ብሶበታል። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ መካከላችሁ አድርጋችሁ እቀፉት፣ እጅና እግሩን ግን አትሹት።

መኪናው የተያዘው መቃብር በሚያህል ክምር ሳይሆን በትንሽ አመዳይ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ እየሰጣችሁ ጎማውን አታሽከርክሩት፤ ከሥሩ ያለውን አቅልጣችሁ መስታወት ታደርጉታላችሁ። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ቆፍሩ፣ የእግር ምንጣፉን ወይም አሸዋ አስገቡበት፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ለጊዜው አጥፉ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያደረጋችሁ አወዛውዙት። የሚገፋ ሰው ከጎማው መስመር ጎን ይቁም፤ ምንጣፉ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው። ሰንሰለቱ ሳጥን ላይ ያለው ቁጥር ጎማችሁ ጎን ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለበት፤ «ይመስላል» አይሠራም። የሚታሰረው የሚጎትተው ጎማ ላይ ነው፤ ፊት ሳቢ ከሆነ ፊት፣ ኋላ ሳቢ ከሆነ ኋላ። አራት ጎማ ሳቢ ከሆነ የመኪናውን መመሪያ እዩ። የሚታሰረውም ዳገቱ ሳይጀምር ሜዳ ላይ ነው፣ መኪናው ተይዞ ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ አይደለም።

እዩ እንግዲህ። መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርጉት፣ የተጠማዘዘ ቀለበት ካለ ፍቱት። የመንጠቆዎቹ አፍ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጎማው አይዙር፣ ጎማውን ይበላዋል። ይህን የሚታጠፍ ሽቦ ከጎማው ጀርባ አሳልፉትና ሁለቱን ጫፎች ከላይ አገናኙ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ግፉት። ሰንሰለቱን ጎማው ላይ አልብሱት፣ ከፊት በኩል ያለውን መንጠቆ አገናኙ። ይህ ቀዩ መሳቢያ ነው፤ በዚህ መቆለፊያ ውስጥ አሳልፉት፣ በሙሉ ኃይል ሳቡት፣ ትርፉን እዚህ ሰንሰለቱ ላይ ስቀሉት። ከዚያ 100 ሜትር ያህል ነድታችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁት። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የዘለለ ሰው ሰንሰለቱ ላልቶ ፓራፋንጎውን ሲደበድብ፣ አልፎ አልፎም የፍሬን ቱቦ ሲበጥስ ይሰማዋል። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ። ባዶ አስፋልት ስታገኙ አውልቁት።

በሉ፣ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ኑ። ከበሩ ውጭ ጎማ አቁሜያለሁ፣ እዚያ ሄደን እናስረዋለን። ጓንታችሁን አድርጉ፤ መብራቱንም አጠፋዋለሁ፣ በጨለማ ነውና የምታስሩት።